ከመርፌው እስከ ኩሬው፦ ስለ አምባዛ ማራባትና ማዳቀል የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

አምባዛን በሰው ሠራሽ ዘዴ ስለ ማራባት የሚደርሱን ደብዳቤዎች በርክተዋል። ብዙዎቹ ጠያቂዎች የሚፈልጉት የተሻለ ዘር ወይም የተዳቀለ ዓሣ ነው። ደብዳቤዎቹን ደጋግመን ስናነብ ግን አብዛኛው ዓሣ ያለቀው ከተፈለፈለ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ሆኖ አግኝተነዋል። ስለዚህ መልሶቻችን ያደሉት ወደዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሴቷ አምባዛ ሆዷ ተነፍቶ ከዓመት በላይ ኩሬ ውስጥ ኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳ እንቁላል አልጣለችም። ሆርሞን መውጋት የግድ ነው ወይ? መድኃኒቱ ውድ ስለሆነ ካርፕ በሚባለው ዓሣ ጭንቅላት መጠቀም ይቻላል ሲሉም ሰምቻለሁ።
ከባቱ

መልስ፦ አዎ፣ መውጋት ያስፈልጋል። አምባዛ ኩሬ ውስጥ እንቁላሏን ታበስላለች፤ እንድትጥለው የሚገፋፋት ግን ክረምት ሲገባ የውሃው መሙላትና አዲስ የተጥለቀለቀው ሣር ነው። በጣና ዳር፣ በፎገራ ሜዳ፣ እንደ ሸሸርና ወላላ ባሉት ረግረጎች የሚሆነው ይኸው ነው፤ ዓሣው ሐይቁን ለቆ ጎርፍ ወደ ተኛበት ሜዳ ይወጣል። ኩሬዎ ይህን ምልክት ስለማይሰጣት ሆርሞኑ በምትኩ ይገባል።

ሆዷ ስለተነፋ ብቻ ግን አይውጓት። የበላችም፣ ስብ የያዘችም ሆዷ ይነፋል። በጀርባዋ አስተኝተው ሆዷን ወደ ብልቷ አቅጣጫ በስሱ ጫን ሲያደርጉ ጥቂት እንቁላል ከወጣ፣ እንቁላሎቹም እኩል መጠን ያላቸው፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ የሚመስሉ፣ ስፋታቸውም 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ደርሳለች። ጥቃቅኑና ትልልቁ ተደባልቆ ከወጣ ይመልሷት፤ መርፌ ያልበሰለን እንቁላል አያበስልም።

የካርፕ ጭንቅላት የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ እናንተም አካባቢ ካርፕ አይጠፋም። የሚፈለገው ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። ለአካለ መጠን ከደረሰ፣ ገና ትኩስ ከሆነ ካርፕ የራስ ቅሉን ክዳን ከዓይኖቹ በላይ አግድም በቢላ ያንሱት። አንጎሉን ከፊት ወደ ኋላ ሲገለብጡት ከሥሩ በአጥንቱ ጎድጓዳ ውስጥ ከምስር ፍሬ ያነሰች፣ ነጣ ብላ ወደ ሮዝ የምታደላ ለስላሳ ኳስ ያያሉ። በመቆንጠጫ ከመጭመቅ በጠባብ ማንኪያ መሳይ ነገር ከሥር ማውጣት ይሻላል፤ ከፈረጠች ሆርሞኑ እዚያው ይቀራል። ወዲያው የማይጠቀሙባት ከሆነ በአሴቶን ውስጥ አንድ ቀን ያቆዩአት፤ በመሐል አሴቶኑን ቀይረው፣ አድርቀው፣ በተከደነ ጨለማ ጠርሙስ ያስቀምጡ።

የደረቀ የካርፕ ፒቱታሪ ልኩ ለ1 ኪሎ ሴት 4 ሚሊ ግራም ነው። የአንድ ካርፕ ዕጢ ደርቆ 3 ሚሊ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ለአንድ ኪሎ ሴት ሁለት ዕጢ ቢያዘጋጁ ይበቃል። የአምባዛ ዕጢ ከሆነ ክብደቷ ከምትወጋው ሴት የማያንስ አንድ ለጋሽ ትበቃለች። ዕጢውን በትንሽ ሙቀጫ ካደቀቁ በኋላ በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ ይበጥብጡት። የጨው ውሃው ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 9 ግራም ንጹሕ ጨው የገባበት ነው። ኦቫፕሪም የሚባለውን የተዘጋጀ መድኃኒት ካገኙ ለ1 ኪሎ 0.5 ሚሊ ሊትር ነው።

የሚወጉት በጀርባ ክንፏ ጎን ባለው ወፍራም ሥጋ፣ መርፌውን አጋድመው ነው። መርፌውን ቀስ ብለው አውጥተው ቦታውን በጣት ያሹት፤ አለዚያ መድኃኒቱ ተመልሶ ይፈሳል። ከተወጋች በኋላ ለብቻዋ፣ ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ትቀመጥ። ትዘላለችና ክዳኑ ላይ ድንጋይ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ሰዓቱን የሚወስነው የውሃው ሙቀት ነው። ከመርፌው እስከ መጭመቂያው በ22 ዲግሪ 15 ሰዓት ተኩል፣ በ25 ዲግሪ 11 ሰዓት፣ በ28 ዲግሪ 8 ሰዓት ያስፈልጋል። ውሃው 25 ዲግሪ ከሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት ወግተው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይጨምቃሉ። በርሜሉ ደጅ አድሮ ሌሊት ወደ 22 ዲግሪ ከወረደ ግን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንቁላሉ ገና ነው፤ ቢጨምቋት ደም ይወጣል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ያለችበት ውሃ ውስጥ ይደር፤ ሌሊትም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይነበብ።

ጥያቄ፦ እንቁላሉን ጨምቀን ከወንዱ ዘር ጋር ቀላቅለን ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስናይ ሁሉም ነጭ ሆኗል። ዘሩ ነው ወይስ ውሃው?
ከቢሾፍቱ

መልስ፦ በየትኛው ሰዓት ነጣ? መልሱ ያለው እዚያ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 10 ሰዓታት ውስጥ የነጣ እንቁላል ድሮውኑ አልዳበረም፤ ችግሩ ሳፋው ላይ ነበር። እስከ ማምሻው አረንጓዴና ብርሃን አስተላላፊ ሆኖ ቆይቶ ሌሊት ከነጣና ጥጥ የመሰለ ነገር ካበቀለ ደግሞ ዳብሮ ነበር፤ የገደለው ሻጋታ ወይም የአየር ማነስ ነው። እናንተ ያያችሁት ጠዋት ብቻ ስለሆነ ሁለቱንም እናንሳ።

ሳፋው ላይ ዋናው ጠላት ያለ ጊዜው የገባ ውሃ ነው። የአምባዛ ዘር ውሃ ሲነካው ይነቃና ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳይበልጥ ኃይሉን ይጨርሳል። እንቁላሉም ውሃ ከነካው ዘር የሚገባበት ቀዳዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋል። ስለዚህ ሁለቱ እስኪገናኙ ድረስ ሁሉም ነገር ደረቅ መሆን አለበት፦ የሴቷ ሆድ በፎጣ የተጠረገ፣ ሳፋው ደረቅ፣ እጅም ደረቅ።

ወንዱን ጨምቀው ዘር አያገኙም። አምባዛ ላይ ይህ አይሠራም፤ ወንዱ ታርዶ ቆለጡ ይወጣል። የደረሰ ቆለጥ ነጭና ሙሉ ነው፤ ግራጫና ቀጭን ከሆነ ሌላ ወንድ ይፈልጉ። ከላዩ ያለውን ደም በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የሽንት ፊኛውም እንዳይቀደድ ይጠንቀቁ፤ ሽንትም እንደ ውሃ ዘሩን ቀድሞ ያነቃዋል። ቆለጡን በመቀስ ቆራርጠው በወንፊት ጨርቅ ላይ በመጭመቅ ዘሩን እንቁላሉ ላይ ያንጠባጥቡት። ለመጠኑ ካነሰ ከላይ በጠቀስነው የ9 ግራም የጨው ውሃ ያቅጥኑት፤ በዚያ ጨው ውስጥ ዘሩ ተኝቶ ይቆያል። አንድ ወንድ ለብዙ ሴቶች ይበቃል። ያልተነካ ደረቅ ቆለጥ በማቀዝቀዣ 4 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት ስለሚቆይ ወንዱን ቀድሞ ማረድ ጉዳት የለውም።

እንቁላልና ዘር በደረቁ በዶሮ ላባ ከተቀላቀሉ በኋላ የእንቁላሉን ያህል ንጹሕ ውሃ ያፍሱና 60 ሴኮንድ ያለማቋረጥ ያማስሉ። ከዚያ ወዲያው ወደ ማፈልፈያው። ቢዘገዩ እንቁላሉ እርስ በርሱ ይጣበቅና ጓል ይሆናል፤ የጓሉ መሐል አየር አያገኝም።

ሁለተኛው የሞት መንገድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እንቁላሉ በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት ላይ አንዱ በሌላው ላይ ሳይደራረብ ይዘረጋል። 1 ግራም እንቁላል 600 ያህል ፍሬ ነው። 100 ግራም እንቁላል ሳይደራረብ ለመዘርጋት ቢያንስ 50 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍሬም ይፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን በግማሹ ቦታ ያጨናንቀዋል። አንዱ የሞተ እንቁላል ሲሻግት ሻጋታው ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፤ በተደራረበ እንቁላል ላይ ደግሞ በአንድ ሌሊት ሁሉንም ያዳርሳል። ለዚህ ማላካይት ግሪን የሚያዝዝ ሰው ካለ እምቢ ይበሉ፤ ለካንሰር በሚያሰጋ ባሕርይው የተነሳ በአውሮፓ ኅብረት ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ የተከለከለ ቀለም ነው።

የቧንቧ ውሃ ተጠቅማችሁ ከሆነ ክሎሪኑንም እንጠረጥራለን። ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ በአየር ፓምፕ እየተናፈሰ ይቆይ። ለቸኮለ ሰው ለእያንዳንዱ 1 ሚሊ ግራም ክሎሪን 7 ሚሊ ግራም ሶዲየም ታዮሰልፌት የተባለው ክሎሪን አጥፊ ኬሚካል ይበቃል።

እንቁላሉ በ25 ዲግሪ በ27 ሰዓት፣ በ28 ዲግሪ በ22 ሰዓት ይፈለፈላል። እጮቹ በወንፊቱ ቀዳዳ ወደ ታች ሲወርዱ ቅርፊቱና የሞተው እንቁላል ከላይ ይቀራል። ማፈልፈሉ እንዳበቃ ፍሬሙን ያውጡት። ሳይወጣ ካደረ መበስበሱ ከታች ያሉትን ይመርዛል።

ጥያቄ፦ በናይጄሪያ የተዳቀለ አምባዛ ቶሎ ያድጋል ይባላል። በእኛም ባሮ ወንዝ ጀርባው ላይ ሁለተኛ ሥጋማ ክንፍ ያለው ትልቅ አምባዛ መሳይ ዓሣ አለ። ከተራው አምባዛ ጋር ባዳቅለው ምን አገኛለሁ?
ከጋምቤላ

መልስ፦ የገለጹት ዓሣ ሄትሮብራንከስ ነው። ናይጄሪያውያን የሚያራቡት ድቅልም የእሱና የአምባዛ ልጅ ነው፤ ሄትሮክላሪያስ ይሉታል። የአምባዛ ክሮሞሶም 56፣ የሄትሮብራንከስ 52 ነው፤ ልጃቸው 54 ይዞ ይወለዳል። በዓይን የሚለየው በጀርባው ነው፦ የአምባዛ የጀርባ ክንፍ እስከ ጭራ ሊደርስ ሲል ያልቃል፣ ሥጋማ ክንፍ የለውም። ሄትሮብራንከስ ትልቅ ሥጋማ ክንፍ አለው። ድቅሉ ደግሞ አጠር ያለች ሥጋማ ክንፍ ይዞ ይወጣል። ጫጩት ገዝተው ድቅል ነው ከተባሉ ያቺን ክንፍ ይፈልጉ።

አሠራሩ ከላይ ካለው ብዙ አይለይም። እናቲቱ አምባዛ ብትሆን ይቀላል፤ በኩሬ ውስጥ በቀላሉ ትደርሳለች፣ እንቁላሏም ብዙ ነው። አባትየው ሄትሮብራንከስ ይሆናል። ወንዱ ስለሚታረድ ከሴቷ ጋር ሰዓት ማመሳሰል አያስፈልግም፤ ቆለጡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ እሷን ይጠብቃል። ከባዱ ነገር የደረሰ ወንድ ማግኘት ነው። ከወንዝ የተያዘው ወንድ ቆለጡ ባዶ ሆኖ ከተገኘ የዕለቱ ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ሴቷን ከመውጋትዎ በፊት ወንዱን ከፍተው ይዩ።

ጥቅሙ ዕድገት ነው፤ ሄትሮብራንከስ በእርባታ ፈጣን አዳጊ ነው፣ ድቅሉም ከዚያ ይወርሳል። ግን መበላላትንም ይወርሳል፤ ገና በጫጩትነቱ ወንድሙን የሚውጥ ዓሣ ነው። ተራውን አምባዛ ከ100 እጭ 50 አድርሶ ማሳደግ ላልቻለ ሰው ድቅሉ ኪሳራውን ያከፋበታል። የእኛ ምክር ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ንጹሑን አምባዛ ሁለትና ሦስት ዙር በደንብ ያሳድጉ፣ ከዚያ ስለ ድቅሉ ያስቡ።

ሁለት ነገር ግን አጥብቀን እንለምንዎታለን። አንደኛ፣ ድቅሉን ወላጅ አያድርጉት። የመጀመሪያው ትውልድ ተመሳሳይ ነው፤ ከእሱ የሚወለደው ግን አንዱ አያቱን፣ ሌላው ሴት አያቱን፣ ሌላው ማንንም ሳይመስል ይወጣል፤ ዕድገቱም ይበታተናል። ወላጆቹን ሁልጊዜ ንጹሕ አድርገው በተለያየ ኩሬ ያኑሩ፤ ኩሬዎቹም ጎርፍ የሚያገናኛቸው አይሁኑ።

ሁለተኛው ወንዙ ነው። ታይላንድ ውስጥ ገበሬዎች የአገሬውን ሴት አምባዛ ከአፍሪካው ወንድ ጋር አዳቅለው ገበያውን ሞሉት፤ ሥጋው ተወደደ፣ ሥራውም አደገ። ከእርባታ ያመለጠው ግን ከዱሩ ዓሣ ጋር ተዳቅሎ የአፍሪካው ዘር በአገሬው የዱር ዓሣ ውስጥ ተገኘ። ያንን ከወንዝ መልሶ የሚለቅም የለም። ባሮ ሁለቱም ወላጆች በተፈጥሯቸው የሚኖሩበት ወንዝ ስለሆነ አደጋው ከዚያ አያንስም። የኩሬዎ መውጫ በጠባብ ወንፊት የታጠረ ይሁን፣ ክረምት ሲሞላ የማያጥለቀልቀው ቦታ ላይ ይቆፈር፣ የተረፈውን ጫጩትም ወንዝ ውስጥ አይድፉ። ከውጭ አገር ዝርያ ለማስገባት ያሰበ ደግሞ መጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቅ፤ በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የተደነገገ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ እጮቹ በደንብ ተፈልፍለው ነበር። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል አበላናቸው። በአምስተኛው ቀን በሙሉ አለቁ።
ከባሕር ዳር

መልስ፦ አስኳሉ ገደላቸው ማለት ይቻላል፤ በሁለት መንገድ። ያልተበላው ውሃውን አበላሽቶ አሞኒያ ፈጠረ፣ አየሩንም ጨረሰ። የተበላውም በቂ አልሆናቸውም። እጭ ሲፈለፈል ሆዱ ገና ሆድ አይደለም፤ መብላት ከጀመረ ከአራትና ከአምስት ቀን በኋላ ነው የምግብ መፍጫው ሥራ የሚጀምረው። እስከዚያ ድረስ የሚስማማው ሕይወት ያለው፣ የሚንቀሳቀስ ምግብ ነው። ደረቅ መኖን ከመጀመሪያው ቀን የሚሰጡም በዚሁ ምክንያት ይከስራሉ።

ቀኑን እንዲህ ይቁጠሩት። ከተፈለፈሉ በኋላ ሁለትና ሦስት ቀን፣ ውሃው ከቀዘቀዘ ደግሞ እስከ አራት ቀን፣ ከሆዳቸው ሥር ባለው የአስኳል ከረጢት ይኖራሉ። ጨለማ ጥግ ፈልገው እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ተከማችተው ይቀመጣሉ። በዚህ ጊዜ ምንም አይሰጣቸውም። ክምሩን ትተው መዋኘት ሲጀምሩ ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ምግብ ይጀመር። አንድ ቀን ዘግይቶ መጀመር ለእነሱ ብዙ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው አርቴሚያ የሚባለው፣ በጨው ውሃ የሚኖር ጥቃቅን እንስሳ ጫጩት ነው። በ1 ሊትር ውሃ ከ25 እስከ 30 ግራም አዮዲን የሌለው ጨው አሟሙተው 1 ወይም 2 ግራም የአርቴሚያ እንቁላል ይጨምሩ፤ 28 ዲግሪ ላይ በብርሃንና በኃይለኛ አየር 24 ሰዓት ያቆዩት። አየሩን ሲያጠፉት ባዶው ቅርፊት ይንሳፈፋል፣ ብርቱካናማው ጫጩት ወደ ታችና ወደ ብርሃን ይሰበሰባል። ቅርፊቱ እንዳይገባ ከታች በቱቦ ይሳቡት፤ እጭ ቅርፊት ከዋጠ አንጀቱ ይዘጋል። በጥሩ ወንፊት አጥልለው በንጹሕ ውሃ ካጠቡ በኋላ ይስጡ። በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ይመግቧቸው፤ አንዱ ሌሊት ይሁን፣ አምባዛ በጨለማ ይበላል። መጥገባቸውን ለማወቅ ጥቂቶቹን በነጭ ሳህን ላይ ያድርጉ፤ የጠገበ እጭ ሆዱ ብርቱካናማ ሆኖ ይታያል፣ የተራበው ግራጫ ነው።

አርቴሚያ ካልተገኘ የኩሬ ጥቃቅን እንስሳት ይተካሉ። በተለየ ትንሽ ኩሬ ወይም በርሜል ውስጥ ደረቅ የዶሮ ኩስ በከረጢት አድርገው ይንከሩ፤ ውሃው አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ሞይናና ዳፍኒያ የሚባሉ ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ይራባሉ። ለእጭ የሚሆነው ትናንሹ ነው፤ ትልቁን ወንፊት ያስቀር። ከአምስተኛው ወይም ከሰባተኛው የመብላት ቀን ጀምሮ ፕሮቲኑ ከ50 በመቶ የማያንስ የደቀቀ መኖ ቀስ በቀስ እየተቀላቀለ ሕያው ምግቡን ይተካል። በአንድ ቀን መቀየር የለበትም።

ስለ አየር አንድ ቃል እንጨምር። ትልቅ አምባዛ ከውሃ ወጥቶም ስለሚተነፍስ አየር ማነስ አይገድለውም ይባላል፤ እውነት ነው። እጩ ግን ያ የመተንፈሻ አካል የለውም፤ የሚበቅልለት ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። እስከዚያ እንደማንኛውም ዓሣ ከውሃው ነው የሚተነፍሰው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚይዘው 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በሌላ አገር መመሪያ በ1 ሊትር 100 እጭ የሚል ካነበቡ ከ30 እስከ 50 ባለው ይጀምሩ፤ የአየር ፓምፑም መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ ይኑረው።

ጥያቄ፦ እባካችሁ፣ ገንዳው ላይ ጭንቅላት ብቻ ተንሳፎ እናገኛለን። ምን ዓይነት በሽታ ነው?
ከአዳማ

መልስ፦ በሽታ አይደለም፤ ወንድሞቹ በልተውት ነው። ትንንሽ አምባዛዎች እርስ በርስ ሲበላሉ በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያ መጠናቸው ተቀራራቢ ሳለ አንዱ ሌላውን በጭራው ይይዘዋል፣ እስከ ጭንቅላቱ ይበላውና ደረቅ አጥንት ስለሆነ ጭንቅላቱን ይተፋዋል። እናንተ ያያችሁት ይህን ነው። በኋላ የመጠን ልዩነቱ ሲሰፋ ትልቁ ትንሹን በጭንቅላቱ በኩል ሙሉ ለሙሉ ይውጠዋል፤ ያኔ ገንዳው ላይ ምንም ምልክት አይታይም፤ ቁጥሩ ብቻ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚንሳፈፈው ጭንቅላት ከቆመ በኋላ ተሻለ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ብሶ ሊሆን ይችላል።

መነሻው ረሃብና አለመመጣጠን ነው። በአንድ ገንዳ በተለያየ ቀን የተፈለፈሉ እጮችን አትቀላቅሉ። የምግብ ሰዓት አይዝለል። ገንዳውን በከፊል አጨልሙት፤ በብርሃን ይበልጥ ይጣላሉ። ከሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጀምሮ በየሳምንቱ ለዩ። ቀዳዳው እኩል የሆነ የፕላስቲክ ቅርጫት ውስጥ ሲጨመሩ ትናንሾቹ ሾልከው ይወጣሉ፣ ትላልቆቹ ይቀራሉ። ከመለየቱ በፊት ያለውን ምግብ አትስጧቸው፤ የጠገበ ጫጩት ሲነካካ ይሞታል። በየገንዳው አንድ ሁለት ከሌሎቹ እጥፍ የሆኑ ይገኛሉ፤ እነሱን መጀመሪያ አውጡ።

ጥያቄ፦ 10 ሺህ እጭ ኩሬ ውስጥ ጨምረን በወሩ የያዝነው ከ300 አይበልጥም። ኩሬው 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ውሃው ከሞላ ወር አልፎት ነበር።
ከአርባ ምንጭ

መልስ፦ ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ለ1 ካሬ ሜትር 65 ገደማ እጭ ጥሩ ልክ ነው። ጥፋቱ ውሃው ወር ሙሉ ቀድሞ መሙላቱ ላይ ነው። በዚያ ወር በጀርባቸው የሚዋኙ ነፍሳት፣ የውሃ ተርብ እጮችና እንቁራሪቶች ቤታቸውን ሠርተዋል፤ የእናንተ እጭ ለእነሱ ቀለብ ሆኖ ገባ።

ኩሬው ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ መሬቱ እስኪሰነጠቅ ፀሐይ ይምታው። ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ኪሎ የእርሻ ኖራ ይነስነስ። ቀጥሎ ለ100 ካሬ ሜትር 5 ኪሎ ደረቅ የዶሮ ኩስ። ከዚያ ውሃ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ በመግቢያው በአጎበር ተጣርቶ ይግባ። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ እጮቹ ይጨመሩ፤ ጥቃቅኑ ምግብ የሚበዛው፣ ትላልቁ ጠላት ገና የማይደርሰው ያኔ ነው። ዙሪያውን 1 ሜትር ከፍታ ባለው ፕላስቲክ ወይም ቆርቆሮ ያጥሩት፤ የታችኛው ጠርዝ መሬት ውስጥ ይቀበር፤ እንቁራሪት በትንሽ ክፍተት ይገባል። ጫጩቶቹ ሲያድጉ ውሃውን ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉ፤ የተፈጨ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ከዓሣ ዱቄት ጋር ይስጡ። ከ30 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ይሰብስቡ፤ ከዚያ ካለፈ የሚውጡት ይበዛሉ። ለ1 ካሬ ሜትር ከ20 እስከ 30 ጫጩት ካገኙ ጥሩ ሠርተዋል። እጩን በቤት ውስጥ አንድ ሳምንት መግቦ ከዚያ ወደ ኩሬ ማውረድ ደግሞ የበለጠ ያተርፋል።

ጥያቄ፦ ቆሮሶ ኩሬ ውስጥ እየተዋለደ ዓሣው ሁሉ ትንንሽ ቀረ። በእስራኤል ወንድ ብቻ የሚወለድበት ድቅል አለ ይባላል?
ከሐዋሳ

መልስ፦ አለ። የአባይ ቆሮሶን ሴት ከሰማያዊው ቆሮሶ ወንድ ጋር ሲያዳቅሉ ልጆቹ አብዛኞቹ ወንድ ይሆናሉ። ፆታን በሚወስኑት ክሮሞሶሞች የአባይ ቆሮሶ ሴት ኤክስ ኤክስ ናት፤ የሰማያዊው ቆሮሶ ወንድ ዜድ ዜድ ነው፤ ልጁ ኤክስ ዜድ ሆኖ ወንድ ይሆናል። ይህ የሚሠራው ወላጆቹ ፍጹም ንጹሕ ከሆኑ ብቻ ነው፤ አንድ ትውልድ ከተቀላቀለ ሴቶቹ ይመለሳሉ። ሰማያዊውን ቆሮሶ ወደ አገር ማስገባት ግን ከላይ ያልነውን የወንዝ አደጋ ይዞ ይመጣል፤ ለአንድ ኩሬ ሲባል የሚደረግ አይመስለንም። ለእርስዎ የሚቀለው ዓሣው ከ30 እስከ 50 ግራም ሲሆን ወንዱን ከሴቷ በእጅ መለየት ነው፤ ሴቷ ከሆዷ ሥር ሦስት ቀዳዳ አላት፣ ወንዱ ሁለት። አለዚያ ከቆሮሶዎቹ ያነሱ ጥቂት አምባዛዎችን አብሮ መጨመር፤ አዲስ የሚወለዱትን እየበሉ ኩሬውን ያጸዱልዎታል።

ጥያቄ፦ ጫጩቶቹን በመኪና አምስት ሰዓት ልንወስድ ነው። ስንት በስንት?
ከሰበታ

መልስ፦ ከመጫኑ በፊት 24 ሰዓት ምግብ ይቋረጥ። በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ሲሦው ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛው ኦክስጅን ይሁን፤ ከረጢቱ ድርብ ይሁንና ማዕዘኖቹ በላስቲክ ይታሰሩ፤ ጫጩት ማዕዘን ውስጥ ተጨናንቆ ይሞታል። በካርቶን ውስጥ በጥላ ይጓዙ፤ የተቻለም ከሆነ ሌሊት። ሲደርሱ ከረጢቱን ሳይፈቱ በአዲሱ ውሃ ላይ 20 ደቂቃ ያንሳፉት። ከዚያ ፈትታችሁ በየጥቂት ደቂቃው አንድ ኩባያ የኩሬውን ውሃ ወደ ከረጢቱ ጨምሩ፤ የሙቀቱ ልዩነት ሲጠፋ ከረጢቱን አጋድሙትና ራሳቸው ዋኝተው ይውጡ።